ያጋደለው ግንብ

በሰፈሩ "ቱምቢ" ነው የሚሉት። ቱምቢ ግንበኞች ቀጥታውን የሚለኩበት፣ በሲባጎ ጫፍ የሚንጠለጠል ብረት ነው፤ ሰውየው ግን ብረቱን ከኪሱ የሚያወጣው ከስንት አንዴ ነው። አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ካየ በቃው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መጀመሪያ ለሌላ ግንበኛ ድንጋይ ሲያቀብል፣ ኋላም በሌላ ግንበኛ ስም ሲገነባ ኖሮ፣ ዘንድሮ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ "የራሴ" የሚለው ሥራ አገኘ። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ተዳፋቱን ጓሯቸውን ደልድሎ፣ የላይኛውን አፈር የሚይዝ የድንጋይ ግንብ እንዲሠራላቸው ጠሩት። ርዝመቱ አሥራ አራት ሜትር፣ ቁመቱ ሁለት።

ያን ሰሞን ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ቁርስ በቀረበ ቁጥር የስኳር ዕቃውንና የልጆቹን ኩባያዎች በመስመር ይደረድራል።

"ይሄ አፈሩ ነው፤ እነዚህ ድንጋዮቹ። እዚህ ጋ ጠጠር፣ ከታች ውሃው የሚወጣበት ቱቦ..."

"አፈሩን አቀብለኝ፤ ሻዬ ቀዘቀዘ" ትለዋለች ሚስቱ።

ግንቡ ሊያልቅ አንድ ረድፍ ሲቀረው የመምህርቷ ታናሽ ወንድም መጣ። አናጢ ነው፤ የበር ክፍተት በአንድ ሚሊ ሜትር ብትሰፋ እንቅልፍ የምትነሳው ሰው። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ውሃ ልኩን ከቦርሳው አውጥቶ ግንቡ ላይ ለጠፈው። አየ። ገልብጦ ደግሞ አየ።

"እትዬ! ኧረ ነይ ውጪ! ይሄ ሰውዬ ጉድ ሠርቶሻል፤ ግንብሽ ዘሟል!"

መምህርቷ እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ ወጡ።

"ሆን ብዬ ነው፣ መምህር" አለ ቱምቢ። "አፈር ይገፋል፤ ዝናብ ሲጠጣማ ይብሳል። ቀጥ ብሎ የቆመ ግንብ ሲገፉት ወደ ቤትዎ ነው የሚመጣው። ይሄ ወደ አፈሩ ስለተደገፈ መልሶ ይገፋዋል።"

"ተሳስቶ ሲያበቃ ሆን ብዬ ነው የማይል ግንበኛ እስቲ አሳየኝ" አለ አናጢው። "ደግሞ ቱምቢ ተብለህ! ስምህንም አብረህ አጋደልከው?"

መምህርቷ ግን አልሳቁም። "እኔ የማውቀው ይሄ የሚያሳየኝን ነው" አሉ ወደ ወንድማቸው ውሃ ልክ እየጠቆሙ። "ዘሞ ከሆነ ይፈርሳል። ሌላ ሰው አመጣለሁ።"

ቱምቢ ዞሮ ግንቡን አየው። አሥራ አንድ ቀን የለፋበት የመጀመሪያ ግንቡ በሌላ ሰው መዶሻ ሊፈርስ ነው። የሚገርመው ግን የተሰማው ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ዓይኑ ሊለካ ነው ብሎ ጓጓ።

"ጋሼ፣ መጋዝ ይዘሃል?"

"መጋዝ የሌለው አናጢ አይተህ ታውቃለህ?"

"እንግዲያው ሁለት ሜትር ጣውላ ቁረጥልኝ። ታቹ ጠባብ ይሁን፤ ላዩ ከታቹ በአንድ ስንዝር ይስፋ። አንዱን ጠርዝ ግንቡ ላይ አስደግፈው፤ በውጭኛው ጠርዝ ላይ ውሃ ልክህን አድርግ። ተሳስቼ ከሆነ አንዱ ጋ ብዙ፣ ሌላው ጋ ትንሽ ያጋድላል። ሆን ብዬ ከሆነ የትም ብትለካ ያው ነው።"

አናጢው ቅንድቡን ሰቀለ። ነገሩ ጣፈጠው። ኮቱን አውልቆ ጣውላውን እዚያው ደረጃው ላይ መጋዝ ጀመረ።

መጀመሪያ ከግራው ጫፍ አንድ ሜትር ገባ ብለው ለኩ። የውሃ ልኩ አረፋ ተንቀጠቀጠች፣ ተንሸራተተች፣ መሃል ላይ ቆመች።

"አጋጣሚ ነው" አለ አናጢው።

ሁለት ሜትር አልፈው ለኩ። መሃል። ሦስተኛው፣ አሁንም መሃል። መምህርቷ መነጽራቸውን ሊያመጡ ሮጠው ገቡ፤ ሮጠው ወጡ። አራተኛው ላይ አናጢው ጎንበስ ብሎ ራሱ አየ። አምስተኛው ላይ "በዓይንህ ብቻ ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"በዓይኔ ብቻ" አለ ቱምቢ። ዓይኑስ እስከ ዛሬ መቼ ተለክቶ ያውቃል!

"በቃ፣ አምኛለሁ፤ ይቆማል" አሉ መምህርቷ።

"የለም መምህር፣ ሁለት ቦታ ይቀራል" አለና ጣውላውን ራሱ አንሥቶ ስድስተኛው ላይ አስደገፈው።

አረፋዋ መሃሉን አልፋ ሄደች። ዳግመኛ ለካ። ያው ናት፤ ግንቡ እዚያ ጋ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ አብጧል። ቀኑን ወዲያው አስታወሰው፤ መምህርቷ ጎረቤት ጠርተው "ሥራውን እዩልኝ" ያሉ ዕለት ነው። ድንጋይ ያስቀምጥ የነበረው አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ እየሳቀ ነበር። ሰባተኛው ደግሞ ልክ ሆነ።

ቱምቢ ድጅኖውን አንሥቶ ወደ ስድስተኛው ተመለሰ፤ የላይኛውን ድንጋይ መፈንቀል ጀመረ።

"ምን ሆነሃል?" አለ አናጢው። "ተፈረደልህ እኮ! ሁለት ጣት ማን ያየዋል?"

"አንተ አይተኸዋል።"

አናጢው ውሃ ልኩን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። እጅጌውን ሰብስቦ ድንጋዮቹን ይቀበለው ጀመር። አንዱ ሲነቅል ሌላው ሲያስቀምጥ፣ "ቀስ፣ እግሬን!" "ጋሼ፣ ይሄ በር አይደለም!" እየተባባሉ ጓሮውን አቧራ አለበሱት። ቱምቢ ላቡ በአገጩ እየወረደ በየመሃሉ ይስቃል፤ ለምን እንደሚስቅ ቢጠየቅ መልስ የለውም።

መምህርቷ ወጥ ቤታቸው መስኮት ላይ ቆመው ስልክ ይዘዋል፤ የሚያወሩት ተዳፋት ጓሮ ካላቸው የቀድሞ ባልደረባቸው ጋር ነው።

"ግንበኛ አግኝቼልሻለሁ" ሲሉ ተሰሙ። "ድምፁ? ራሱ ሥራውን እያፈረሰ ነው፤ አይ፣ እኔ አይደለሁም ያስፈረስኩት። እኔማ ይቁም ብዬው ነበር።"