በእድር ድንኳን ውስጥ ያቋረጥኩት ዜማ

ባለፈው ሳምንት ሊዲያ የምትባል የሙዚቃ ድግስ አዘጋጅ ደወለችልኝ። የድሮው ባንዳችን ከስንት ዘመን በኋላ ተሰባስቦ በአንድ ትልቅ አዳራሽ እንዲጫወት ትፈልጋለች።

«ጋሼ፣ ሕዝቡ የሚያውቃቸውን አምስቱን ዘፈኖች ብቻ ይጫወቱልን። አዳራሹ ፉል ይሆናል፤ አይጨነቁ» አለችኝ።

እኔም ሳላስበው፣ «ሠላሳ ሰው የሚይዝ ቦታ አታውቂም? ማንም ሰምቶ ያልጨረሰው አንድ ዜማ አለን» አልኳት። ሳቀች። የምቀልድ መሰላት እንጂ የምሬን ነበር።

ስልኩን ዘግቼ ወሰን ሰፈር ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ። ከታች የጋራዡ መዶሻ ይንቋቋል፣ ከላይ እንጦጦ ደመና ለብሷል። አንዳንድ ጥፋት አለ፣ ሰው ሁሉ ረስቶት እንኳ ያጠፋውን ሰው የማይለቅ።

የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ በአንድ ሆቴል የምንጫወት አምስት ጓደኛሞች ነበርን። ጸጉራችንን አጎፍረን፣ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሰን፣ የሮክ ባንድ ነን እያልን እንኮፈሳለን። እውነቱን ለመናገር በየቅዳሜው የምንጫወተው ያንኑ የጭፈራ ዘፈን ነበር። እኔ ከሥር የሚሄደውን ቤዝ ጊታር እመታለሁ፤ ተፈራ ደግሞ ዜማውን የሚመራውን ሊድ ጊታር። ከመካከላችን ሙዚቃ የያዘው እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቻችንን የያዘን ጭብጨባው ነበር። ኖታ የሚያነብ ስላልነበረ ተፈራ የየድርሻችንን በአፉ እያንጎራጎረ ያስጠናናል። አንድ ሕግ ደግሞ ነበረን፦ መድረክ ላይ የጠፋበት ሰው ቤዙን ይከተል። እኔ ወደ ሄድኩበት ሁሉም ይሄዳል ማለት ነው።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ተፈራ ግጥም የሌለው አንድ ረጅም ዜማ ሠራ። እሁድ እሁድ ጠዋት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስተን ዳገቱን እንወጣለን። ከገበሬዎቹ እሸት ባቄላ ገዝተን እየፈለፈልን ስንበላ እሱ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጊታሩን ይነካካል። ነፋስ ሲመጣ ያቆማል፤ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ እሱ ግን አይታወቀውም።

«ይሄን ሆቴሉ ውስጥ አልጫወተውም» አለኝ አንድ ቀን። «እዚያ ሰው የሚመጣው ሊጨፍር ነው። ሰፈሬ ውስጥ ለጥቂት ሰው ላሰማውና ምን እንደሚሉኝ ልየው።»

የቀበሌው አዳራሽ ለስብሰባ ተይዟል ተባልን። ተፈራ እናቱን ለምኖ የእድራቸውን ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች አስፈቀደ። እሁድ ከምሳ በኋላ ከቤታቸው በታች ካለችው ሜዳ ላይ ተከልነው፤ መብራት ከሱቅ በረጅም ገመድ ሳብን። ሠርግ በሌለበት ሰፈር ድንገት የእድር ድንኳን ሲተከል ሰው ምን እንደሚያስብ ከአምስታችን አንዳችንም አልታየንም። ማጉያውን እንኳ ሳንሰካ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዳገቱን ይወጡ ጀመር። አንዷማ እንባዋ ቀድሟል።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ ከፊት የነበሩት እማማ ብርቄ፣ የሰፈሩ ትልቅ ሰው።

«ማንም አልሞተም እማማ። ሙዚቃ ልናሰማ ነው» አልኳቸው።

«በእድር ድንኳን?» ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩና፣ «በሉ ተቀመጡ። ዳገቱን አንዴ ወጥተነዋል፣ ሰምተን እንወርዳለን» አሉ።

ተፈራ ጀመረ። እኔም ያስጠናኝን ተከትዬ ገባሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ አንገቱን የሚነቀንቅ እንኳ የለም። ከኋላ የቆሙ ጎረምሶች ግን «የሚጨፈርበትን!» እያሉ ያፏጫሉ። የሴቶቹን ዝምታ ትዝብት አድርጌ ቆጠርኩት። ጣቶቼ በራሳቸው ሄዱ ብል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ውሸት ነው፤ አስቤበት ወደ ቅዳሜው የጭፈራ ዘፈን ገባሁ። ድራመኛው ተከተለኝ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ጎረምሶቹ ጮኸው ዘለሉ። ተፈራ ለጥቂት ጊዜ ብቻውን ዜማውን ሊገፋ ሞከረ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ እሱም አብሮን የጭፈራውን መታ።

ድንኳኑን ስናጥፍ እማማ ብርቄ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ የመጀመሪያውን ምን ነክቷችሁ አቋረጣችሁት? ወንድሜን እያሰብኩበት ነበር እኮ።»

ገመዱን መጠቅለል ቀጠልኩ። ይህን ለተፈራ ነግሬው ቢሆን ምናልባት ዜማውን አይተወውም ነበር። አፈርኩና ዋጥኩት። እሱም ዳግመኛ አልተጫወተው፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

ሊዲያ በደወለች ማግስት ሁለት ሚኒባስ ቀይሬ የካ አባዶ ሄድኩ። ተፈራ ከልጁ ጋር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ካቻምና ከታመመ ወዲህ ግራ እጁ አይታዘዘውም። ሻዩን እስክንጨርስ መጠበቅ አልቻልኩም፤ እማማ ብርቄ ያሉትን ነገርኩት።

«አሁን ነው የምትነግረኝ?» አለ።

«አሁን ነው።»

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካሁትም። እስቲ የቤዙን አሰማኝ፤ ምናልባት ይመጣልኝ ይሆናል» አለኝ።

ጠረጴዛውን በጣቴ እየመታሁ አንጎራጎርኩለት። ዓይኑን ጨፈነ፤ ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ክር እንደሚነካ ተንቀሳቀሰ። ደገምኩለት፤ ሠለስኩለት።

«ይሄ ያንተ ነው» አለ ዓይኑን ገልጦ። «የእኔ ግን ጠፍቷል።»

ያረጀ ባንድ ትልቁን አዳራሽ ትቶ በትንሽ ቦታ አዲስ ነገር ቢሞክር ምን ይቀርበታል ስል ነበር ያደርኩት። ድፍረቱ በስተርጅና መጣልኝ፤ ዜማው ግን አልጠበቀኝም።

ትናንት ሊዲያ ውሳኔዬን ልትጠይቅ ደወለች። አዳራሹ ይቅርብኝ ብዬ ያሰብኩትን ነገርኳት። ከተፈራ ብሎክ ሥር ነዋሪው የሚሰበሰብበት ክፍል አለ፤ ሠላሳ ወንበር ይበቃዋል። ተፈራን ፊት አስቀምጬ የቤዙን ብቻ እጫወታለሁ፤ የእሱን ቦታ ባዶውን እተወዋለሁ።

«ጋሼ፣ ሰው ግራ ገብቶት ዝም ቢልብዎትስ?» አለችኝ።

«ዝም ይበል» አልኳት። ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ይህን ማለት ነበረብኝ።