ወደ መስኮቱ የዞረው ወንበር

በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ሃይፋ ውስጥ ከኢትዮጵያ በቅርቡ ለመጡ ጎልማሶች ዕብራይስጥ ማንበብና መጻፍ አስተምር ነበር። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እኔ በልጅነቴ ቀድሜ መጥቼ አዳሪ ትምህርት ቤት ስላደግሁ አማርኛውም ዕብራይስጡም ይቀናኛል። ክፍላችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከመስኮቱ ወደቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ተማሪዎቼ አሥራ ሁለት ነበሩ፤ አብዛኞቹ የጎንደር፣ ሦስቱ የትግራይ ሰዎች።

ሥርዓት እወዳለሁ። በመጀመሪያው ቀን ትልቅ ካርቶን ላይ ሰንጠረዥ አስምሬ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ። በቀኝ በኩል ስሞች፣ ከላይ ሳምንታት፣ በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የት መድረስ እንዳለበት። አንድ ሰው አንድ ነገር ባወቀ ቁጥር ሣጥኑን በአረንጓዴ እርሳስ እሞላለሁ። የሰንጠረዡን ጥቅም ሳስረዳ ሰዓቱ አለቀ። አንዲት ቀልደኛ የትግራይ ሴት፣ «ዋይ ሞራ! ፊደሉንስ መቼ ነው የምንጀምረው?» አለችኝ። ሞራ ማለት መምህርት ነው፤ ሁሉም የሚጠሩኝ በዚሁ ነበር።

ከሁሉም ይልቅ ልቤን የጣልሁባት አንዲት ወጣት እናት ነበረች። ጠዋት ወደቡ አጠገብ ያለ ፋብሪካ ታጸዳለች፤ ከሰዓት በኋላ ትማራለች። ምኞቷ ክርያት ሞጽኪን ውስጥ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ተንከባካቢ መሆን ነው። ለዚያ የሚያበቃው ኮርስ የሚቀበላት ግን ፈታኝ ፊት አንድ ገጽ ጮክ ብላ ካነበበች ብቻ ነው። ፈተናው ከፋሲካ በኋላ እዚያው ክፍላችን ውስጥ ይሰጣል። በመጨረሻው ዓምድ፣ ከስሟ ትይዩ፣ «ታልፋለች» ብዬ ጻፍሁ። በእርሳስ እንኳ አልነበረም፤ በብዕር።

የባሏ አባትም እዚያው ይማሩ ነበር። ባርኔጣና ከዘራ የማይለያቸው፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቤተሰብ አብሮ ቢማር ቤት ውስጥ ይረዳዳል ብዬ አንድ ክፍል ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።

የልጅቱ ጽሑፍ እንከን የለውም። አንብቢ ስላት ግን ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች፣ ዓይኗን መሬት ትተክላለች፣ ዝም። አስረዳኋት። ቃሉን ከፋፍዬ አስረዳኋት። የአፍን አከፋፈት ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳኋት።

«ገባሽ?»

«ቤሰደር» ትላለች፣ እሺ ለማለት፣ በሹክሹክታ።

በመጨረሻ ከጎረቤቷ እየገለበጠች ነው የምትጽፈው ብዬ ጠረጠርሁ። እንዳትገለብጥ ወደ ፊተኛው ረድፍ፣ ከሽማግሌው አፍንጫ ሥር አዛወርኋት። ከዚያ ወዲህ ሹክሹክታውም ጠፋ።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የሷ ሣጥኖች ባዶ ነበሩ፤ እኔም ጠዋት ማታ የቀረውን ጊዜ እቆጥር ነበር። አንድ ማክሰኞ ሽማግሌው ክርያት አታ ከተማ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደው ቀሩ። እኔም ተስፋ በቆረጠ ድምፅ «እስቲ አንብቢ» አልኋት። ነጠላዋን ከአፏ አወረደችና ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ገልጣም ያላስተማርኋትን ቀጣዩን ገጽ አነበበች።

ክፍሉ ሳቀ። የሚስቁት በእኔ ነበር።

«ምነው ሞራ፣ አንቺ የማን አገር ሰው ነሽ?» አለች ቀልደኛዋ። «ምራት በባሏ አባት ፊት ድምፅዋን ስታሰማ የት አይተሻል?»

አይቼ አላውቅም። እናቴም በአባቴ አባት ፊት ትንፍሽ አትልም ነበር። ልማዱ ከአውሮፕላኑ ስንወርድ የቀረ መስሎኝ ነው።

በዕረፍት ሰዓት፣ የፈተናው ቀን ሽማግሌው እንዳይመጡ ልለምናቸው ነው ስላት ደነገጠች።

«እንዳታደርጊው! ምራቴ አስወጣችኝ እንዲሉ ነው?»

«ብትወድቂስ?»

«ከወደቅሁ ከመስከረም በዓላት በኋላ እንደገና እፈተናለሁ። ሞራዬ፣ እኔ አውቶቡስ ውስጥ አነባለሁ፣ ልጄን እያጠባሁ አነባለሁ። የኔ ድርሻ ይኸው ነው። ያንን ግድግዳው ላይ የጻፍሽውን ሳይ ግን የማውቀው ፊደል ሁሉ ይጠፋብኛል።»

«እሱን አንብበሽዋል?»

«መጀመሪያ ያነበብሁት እሱን ነው።»

ሁሉም ሲሄዱ ካርቶኑን አወረድሁና የመጨረሻውን ዓምድ በመቀስ ቆርጬ ጣልሁ። ሥራችንን ግን አልቀነስንም። በየቀኑ በዕረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጠን ታነብልኝ ነበር። ስንት ሳምንት ቀረ ብዬ መቁጠር ብቻ ተውሁ።

የፈተናው ቀን ሽማግሌው ከሁሉም ቀድመው መጥተው ቦታቸው ተቀመጡ። ፈታኟ ገባች፤ ስም ተጠራ። ልጅቱ ተነሣች፣ ወረቀቱን ያዘች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እኔም እንደ ልማዴ ነገሩን ለፈታኟ ላስረዳ አፌን ስከፍት ከዘራው ወለሉን መታ። ሽማግሌው ብድግ አሉ። ወንበራቸውን አንሥተው ወደ መስኮቱ አዞሩና ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ።

«መርከብ ልቁጠር» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ማንበብ ጀመረች። ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ ፈታኟ እጇን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ፣ ሽማግሌው ሳይዞሩ በአማርኛ፣ «ጮክ በይ እንጂ ልጄ! እኔ እንደሁ ዛሬ ጆሮዬ አይሰማም» አሉ።

አነበበች። ሁለት ቃል ተሳስታ ተመልሳ አረመች። ገጹ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር የተረሳ ጃንጥላ ይዞ ባለቤቱን ስለ መፈለጉ ነበር። መሀል ላይ ስሕተት መቁጠሬን ትቼ የጃንጥላው ባለቤት ይገኝ ይሆን እያልሁ ሳዳምጥ ራሴን አገኘሁት። ትከሻዬ ላይ ለወራት የተቀመጠው ነገር የወረደው ያኔ ነው፤ ውጤቱ ገና ሳይታወቅ።

ከሽማግሌው ጋር ደረጃውን ስንወርድ፣ «አባባ፣ ነገሩ ገብቶዎት ኖሯል?» አልኋቸው።

«እንዴት አይገባኝ?»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ አልዞሩ?»

«እስከ ዛሬ መማር ነበር፤ ለመማር ጆሮ ይበቃል። ዛሬ አፍ ተፈለገ፣ ዞርሁ። አንቺም ልጄ፣ ሁሉን ታስረጃለሽ፤ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

ከሳምንታት በኋላ ልጅቱ ከደብተሯ መሀል ደብዳቤ አውጥታ ሰጠችኝ። ውጤቱን እኔ አልጠየቅኋትም ነበር። «አንቺው አንብቢው» ብዬ መለስሁላት። ጮክ ብላ አነበበችው፤ ኮርሱ ተቀብሏታል።

ሽማግሌው በዚያን ጊዜም ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠው ነበር። ወንበሩ ከፈተናው ቀን ወዲህ አልተመለሰም፤ ልመልስልዎ ብላቸው አይሆንም አሉኝ። ሰሌዳውን ስለማያዩ በፊደሉ ብዙም አልገፉበት። አንድም ቀን ግን አልቀሩም፤ መርከቦቹንም፣ እኔ ሰንጠረዤ ላይ ለማንም አስቤው በማላውቀው መንገድ፣ አንድ ሁለት እያሉ በዕብራይስጥ ይቆጥሩ ጀመር።