በፍልሰታ የታመመችው ጥንቸል

የልጅ ልጆቼ «የጥንቸሏን ነገር ንገሪን» ካሉኝ ሰንብቷል። ነገርኳቸው። ደግመው «ንገሪን» አሉኝ፤ ደገምኩላቸው። አሁን ደግሞ «ጻፊው» መጣ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደሉን የለቀምኩት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው። ስለዚህ እጄ ቀስ ይላል፣ ሐሳቤም መንገድ ላይ ቆሞ ሌላ ሌላ ያያል። ታገሡኝ።

ያኔ ልደታ ያለው ግቢያችን ገና አልፈረሰም ነበር። ከቆርቆሮው አጥር ባሻገር ባቡሩ በድልድዩ ላይ ከፍ ብሎ ያልፋል። በነሐሴ ጉም ውስጥ ድልድዩ አይታይም፤ የሚታየው መስኮቱ ብቻ ነው፣ ብርሃን በብርሃን ሆኖ በሰማይ ሲሄድ። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ሳየው የሰው ሕልም ባለቤቱን ትቶ ብቻውን የሚጓዝ ይመስለኝ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፣ ያባራል፣ እንደገና ይመታል። ቀኑ ከቀኑ አይለይም።

ከልጅ ልጆቼ ትልቋ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ሥራ ስለምትውል እኔ ጋ ነበር የምትውለውም የምታድረውም። አጎቷ ያመጣላት ነጭ ጥንቸል ነበረቻት፤ አንደኛው ጆሮዋ ጫፉ ላይ አመድ የነካው ይመስላል። ጥንቸሏ ቤት ውስጥ ስትንጎማለል ድምፅ የላትም። አንዳንዴ ዘወር ስል እግሬ ሥር አገኛታለሁ፣ ከየት እንደመጣች ሳላውቅ።

ፍልሰታ ገባ። ልጅቷ እንደ እኩዮቿ ልትጾም ቆረጠች። ነጠላዋን አልብሼ ይዣት እሄዳለሁ፣ ቅዳሴ እስኪያልቅ እህል አትቀምስም፣ ቆርባ ስትመለስ ፊቷ ያበራል። ጠዋት ከመውጣታችን በፊት ለጥንቸሏ ጎመን አስቀምጥላታለሁ። ስንመለስ ጎመኑ አንዳንዴ እንዳለ ነው፣ ጠውልጎ። «ጠግባ ነው» እላለሁ። አንድ ቀን ከአልጋው ሥር ስጠርግ የጎመን ቅጠል አገኘሁ፤ አይጥ ጎትቶት ይሆናል ብዬ ጠረግሁት።

በሳምንቱ ጥንቸሏ ተኮራመተች። ጥጓን ይዛ ዓይኗን ግማሽ ጨፍና ቀረች። ካሮት ብንሰጣት፣ አፍንጫዋን እንኳ አላንቀሳቀሰችም።

«እምዬ፣ ትሞታለች?» አለችኝ ልጅቷ።

«አትሞትም» አልኳት። ምን አውቄ ነው? አፌ ቀደመኝ። ከዚያ በኋላ ግን ያልኩት ነገር ዕዳ ሆነብኝ።

ከጎናችን ያለው ቤት የምትኖረው የግቢያችን ሴትዮ በሩን ይዛ ቆማ ታያለች። እሷ ከመጀመሪያውም ጥንቸሏን አትወዳትም። «እንኳን ታመመች! በፍልሰታ፣ በእመቤታችን ጾም፣ ርኩስ እንስሳ አቅፋችሁ ቤት ውስጥ! ይሄንኑ ነው ስላችሁ የከረምኩት» አለች።

«ሰው አይደለሽም እንዴ፣ ልጅቷ ፊት?» አልኳት። ልጅቷ ግን አላለቀሰችም። እግሯን ታያለች።

ጥንቸሏን በነጠላዬ ጠቅልዬ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጥኳትና ወጣን። መጀመሪያ ጠመንጃ ያዥ ያለው መድኃኒት ቤት ገባሁ። ጎረምሳው ነጭ ካፖርቱን እያስተካከለ ቅርጫቱን አየ። «እማማ፣ እኛ የምንሸጠው ለሰው ነው። ለሷ መጠኑን ብሳሳት ማን ይፈርድልኛል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ጎን ያለው የዶሮ መኖ ነጋዴ ደግሞ «የዶሮ ከሆነ ሁሉም አለኝ፣ የጥንቸል ግን ሰምቼም አላውቅ። እስቲ ወደ ተክለ ሃይማኖት ይሞክሩ» አለ።

ታክሲ ውስጥ ገባን። ቅርጫቱን ጭኔ ላይ አድርጌ መስኮቱ ላይ የሚወርደውን ውኃ አያለሁ። ሰዉ፣ ጃንጥላው፣ የፕላስቲክ ጫማ የተደረደረበት ሱቅ፣ ሁሉም ቀልጦ አንድ ላይ ይፈሳል። ቅርጫቱ ነቅነቅ አለ።

«እማማ፣» አለ ረዳቱ፣ «ዶሮ ናት እንዴ? ፍልሰታ ሊፈታ ገና ሳምንት እኮ አለው!»

«ተዋቸው፣ ቀድመው ገዝተው ሊያደልቧት ነው» አለች ከፊቴ ያለችው ሴት።

«ኧረ እኔስ ጨነቀኝ፣ ሽታዋ ብቻ ያስገድፈኛል!» አለ አንዱ ከኋላ።

ይሄኔ ነጠላው ገለጥ ብሎ ጆሮዋ ብቅ አለ። ረዳቱ ወደ ኋላ አለ። «ዶሮ ጆሮ አወጣች! ኧረ ይቺስ አህያ ናት!»

ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽም። ልጅቷ ግን «ታማ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ። ሳቁ እንደ ዝናቡ ባንዴ አባራ። ረዳቱ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው። ከኋላ፣ ያው ሽታዋ ያስገድፈኛል ያለው ሰው፣ «እናቴ፣ ውሻዬን የምታክምልኝ ልጅ አለች። አብረን እንውረድ፣ ላሳያችሁ» አለ። ጭቃውን እየዘለለ በሩ ድረስ አደረሰን።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ እጅጌዋን ጠቅልላለች። ከኛ በፊት አንድ ትልቅ ውሻ ነበር፤ ጥንቸሏን ሲያይ እሱ ነው የፈራው። ሐኪሟ ማዳመጫዋን ጥንቸሏ ሆድ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ቆየች። ዝናቡ እንኳ የቆመ መሰለኝ።

«ሆዷ ዝም ብሏል» አለች። «የጥንቸል ሆድ እንደኛ ዕረፍት አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ሣር ማኘክ አለባት፤ ጥቂት ሰዓት ባዶ ከዋለች ሥራውን ያቆማል። ሳትበላ ስንት ጊዜ ቆየች?»

«ኧረ በየጠዋቱ ጎመን አስቀምጥላታለሁ!» አልኩ። ቅር ብሎኛል፤ የማስርባት መሰላት ብዬ።

ሐኪሟ ወደ ልጅቷ ዞረች። ልጅቷ ወለሉን ታያለች። ሐኪሟ ወደ ጥንቸሏ ተመለሰች። መርፌ ወጋቻት፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ በአፏ ጥግ ውኃ እንዴት እንደምናጠጣት አሳየችን። «ሆዷን ቀስ አድርጋችሁ እሹላት፣ ሙቀት አይለያት፣ ሣር አቅርቡላት። እንደ ፍየል ፍሬ ፍሬ በጠጥ ጠብ ካደረገች ድናለች፤ እስከ ነገ ካላደረገች ግን…» ብላ ተወችው። እኔ ጥንቸሏን ስጠቀልል ጎንበስ ብላ ልጅቷ ጆሮ ላይ አንድ ነገር አለቻት። ስታጽናናት ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ጥንቸሏን ጭኔ ላይ አድርጌ ሆዷን አሻለሁ፣ ልጅቷ ውኃ ታንቆረቁራለች። በሩ ተንኳኳ። የግቢያችን ሴትዮ ናት፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር ያጨደችውን ሣር በሻሽ ይዛ። «ለሷ አይደለም፣ ለልጅቷ ነው» ብላ ወርውራው ሄደች።

እጄ እያሸ እኔው አንቀላፋሁ። በሕልሜ ይሁን በውኔ አላውቅም፣ ባቡሩ በቤታችን መሀል ሲያልፍ፣ መስኮቶቹ ላይ ነጫጭ ጆሮዎች ተደርድረው አየሁ። ልጅቷ ጮኸች።

«እምዬ! በጠጥ! በጠጥ!»

ነጠላዬ ላይ ሦስት ጥቋቁር ፍሬዎች። በዕድሜዬ እንደዚያ ያስደሰተኝ ነገር ጥቂት ነው። ጥንቸሏ አንድ የሣር ጫፍ ጎትታ ማኘክ ጀመረች፤ ልጅቷም ያኔ፣ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ጥንቸሏ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረች። አዲሱ ቤትም አብራን ገብታለች፤ የሞተችውም አርጅታ ነው። ልጅቷ ሣር ሳታቀርብላት አንድም ጠዋት ከቤት ወጥታ አታውቅም፤ እኔም ፍቅሯ ነው እል ነበር።

አምና ፍልሰታ ሊገባ ሲል ነው የነገረችኝ። አሁን ቁመቷ ከኔ ይበልጣል። ነጠላዬን እያጣጠፈች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ጎመኑን እኔ ነበርኩ የምደብቀው» አለች። ቅዳሴ እስኪያልቅ ጥንቸሏን ታስጾማት፣ ስንመለስ ጎመኑን መልሳ ታስቀምጥላት ነበር፤ ከኛ ጋር ከጾመች ርኩስ አይሏትም ብላ። ሐኪሟም ልጅቷ ወለሉን ስታይ ያኔውኑ ገብቷት ኖሮ፣ በጆሮዋ ያለቻት ይህን ነበር፦ «የሷን አንቺ ጹሚላት፤ እሷ ትብላ። ለአያትሽ አልነግርም።»