አሥር ቁጥር ቁልፍ

ሙዚየሙ ውስጥ አሮጌውን መካኒክ «ቆጣሪው» ነው የሚሉት። አሮጌ የጦር አውሮፕላኖች በሚጠገኑበት ሃንጋር አንድ ሕግ አለ፦ ክዳን ከመዘጋቱ በፊት መሣሪያ ይቆጠራል። የብሎን ቁልፍ ወይም ካቻቢቴ ከጎደለ፣ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ሌላው ሠራተኛ አንዴ ቆጥሮ ሳጥኑን ይቆልፋል። እሱ ግን ሦስቴ ይቆጥራል።

«ኧረ ተው ሰውዬ! እነዚህ እኮ ከእንግዲህ አይበሩም፤ ቆመው ነው የሚታዩት» ትለዋለች የሙዚየሙ ኃላፊ።

«ግድ የለም፣ ይቆጠር» ይላል፤ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

እንዲህ የሆነው ታዲያ በዋዛ አይደለም። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ገና ጀማሪ መካኒክ ሳለ፣ የአንድ ተዋጊ አውሮፕላን ጭራ አድሶ ክዳኑን ከዘጋ በኋላ ሳጥኑን ቢያይ አሥር ቁጥር ቁልፉ የለም። መቁጠር የነበረበት ከመዝጋቱ በፊት ነበር። አሁን ቢናገር ጭራው እንደገና ሊፈታ፣ የነገው በረራ ሊቀር፣ እሱም በሰው ፊት ሊዋረድ ነው። በዚያ ላይ አለቃው ማን መሰላችሁ? ከሦስት ወር በኋላ የሚያገባት ልጅ ታላቅ ወንድም! የአለቃው ሳጥን አጠገቡ ተከፍቶ ተቀምጧል። ግራ ቀኙን ገልመጥ አደረገ፣ እጁን ሰደደ፣ የአለቃውን አሥር ቁጥር አንስቶ ከራሱ ሳጥን ጨመረው። «ሙሉ ነው» ብሎ ፈረመ። ነገ የራሴን ፈልጌ እመልሳለሁ ብሎ ነበር። አይ ነገ!

በማግስቱ አውሮፕላኑ ሲያርፍ የጭራው መሪ ተቀርቅሮ ቀረና ከመንደርደሪያው ወጥቶ ሣር ውስጥ ገባ። አብራሪው ግንባሩ አብጦ፣ የመካኒኮቹን ዘር ማንዘር እየተሳደበ በእግሩ ወጣ፤ ተመስገን ነው። መርማሪዎች መጡ። ጭራው ውስጥ ብረት የፋቀው ምልክት አዩና ሳጥኖች ይቆጠሩ አሉ። ከአለቃው ሳጥን አሥር ቁጥር ጎደለ።

መካኒክ ሁሉ በመሣሪያው ላይ በሞረድ የራሱን ምልክት ያደርጋል፤ የአለቃው ሦስት ጭረት፣ የእሱ ሁለት። ግን ቁጥሩን እንጂ ጭረቱን ልብ ያለ አልነበረም። «ጭራውን ስፈትሽ ረስቼው ይሆናል» አለ አለቃው፣ አንገቱን ደፍቶ። ከሥራው ተሰናበተ። ጥፋተኛ ከተገኘ ወዲያ ቁልፉን የፈለገም የለም፤ አውሮፕላኑም ሣር ሲበቅልበት ኖረ። የኛ ሰው ያኔ «እኔ ነኝ» ሊል እስከ መርማሪዎቹ በር ሄደ፤ ከደጃፉ ተመለሰ። ሠርጉም በቀኑ ተሠረገ።

አለቃው ብስክሌት ጠጋኝ ሆነ። ጎማ ያጠብቃል፣ ያጠብቃል፣ ደንበኛው ብስክሌቱን ይዞ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ከኋላው ሮጦ «ቆይ! ቆይ! አንዴ ልየው!» ይላል። እሁድ እሁድ ቤተሰቡ ምሳ የሚበላው እሱ ቤት ነው። «አንዱ ሦስቴ ይቆጥራል፣ አንዱ ደንበኛ ያባርራል፤ ምን ዓይነት ጉዶች ናችሁ?» እያሉ ይስቁባቸዋል። ቆጣሪውም አብሮ ይስቃል፤ ሆዱ ግን ያውቃል።

ዘንድሮ ሙዚየሙ ከሣር ውስጥ አንድ አውሮፕላን አስጎትቶ አመጣ። ቆጣሪው ጭራው ላይ ያለውን ቁጥር ሲያይ ክው አለ። «ጭራውን ለእኔ ተዉልኝ» አለ። በሦስተኛው ሳምንት እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ከአቧራውና ከወፍ ጎጆው ሥር ሲዳብስ፣ ቀዝቃዛ ብረት ነካ። አወጣው። አሥር ቁጥር፤ ሁለት ጭረት። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ያየው ሰው አልነበረምና ኪሱ ከተተው።

አራት ቀን በኪሱ ይዞት ዞረ። በአራተኛው ቀን ኃላፊዋ ከአውሮፕላኑ ጎን የሚለጠፈውን ጽሑፍ አነበበችለት፦ «አለቃ መካኒኩ መሣሪያ ረስቶ ባደረሰው ጥፋት…»

«ይኼ ሊለጠፍ ነው?»

«ሰኞ ይታተማል። ምነው፣ ስህተት አለው?»

«አለው» አለ። እሷ ምኑ ላይ እንደሆነ ሳትጠይቀው ወጥቶ ሄደ።

ብስክሌት ጠጋኙ ጎማ እየነፋ ነበር። ቆጣሪው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ጋሼ፣ ከዚያ አውሮፕላን ጭራ ውስጥ ነው ያገኘሁት። የኔ ነው። ያን ቀን የእርስዎን ከሳጥንዎ የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ሰውየው ቁልፉን አንስቶ በአውራ ጣቱ ጠረገው። ጭረቶቹን ዳበሳቸው፤ አንድ፣ ሁለት። ደግሞ ዳበሳቸው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ እኮ የረሳሁ መስሎኝ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሠላሳ አንድ ዓመት እጄን አላመንኩትም። ቤቴን ቆልፌ ከመንገድ እመለሳለሁ። ሥራዬን ብትቀማኝ ሌላ ሥራ አለ። አንተ ግን… በየእሁዱ ከገበታዬ ተቀምጠህ አብረህ ሳቅህብኝ?»

«ጋሼ፣ ፈርቼ…»

«ውጣልኝ።»

ወጣ። ለሚስቱም ነገራት። «ወንድሜን!» ብላ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋችበት። ለኃላፊዋም ነገራት፤ ጽሑፉን ራሱ ቃል በቃል አስጻፋት፣ ጥፋቱን የራሱ አድርጎ። እሁድ ሚስቱ ለብቻዋ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። እሱ ቤት ቀርቶ ያደረ ምግብ በላ፤ ዕድሜ ልኩን እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት የሃንጋሩ በር ላይ ብስክሌት ጠጋኙ ቆሟል። አሮጌ የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሏል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ቀጥ ብሎ ገብቶ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ ከፈተ። ቁልፎቹ በየቁጥራቸው ተደርድረዋል፤ በዘጠኝና በአሥራ አንድ መካከል ያለው ቦታ ባዶ ነው።

«አሥር ቁጥሬን አምጣ።»

ቆጣሪው ከራሱ ሳጥን ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሦስት ጭረት። በየዓመቱ ዘይት ይቀባዋል እንጂ አንድ ቀን ሠርቶበት አያውቅም። በሁለት እጁ ሰጠው።

ሰውየው ወደ ጭራው ሄደ። ቆጣሪው ልርዳ ብሎ ቢጠጋ ገፋ አደረገው። ውስጡን በባትሪ ፈተሸ። መሣሪያዎቹን እየነካ ቆጠረ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ብሎኖቹን በአሥር ቁጥሩ አንድ በአንድ አጠበቀ። ሲጨርስ ቁልፉን ከባዶው ቦታ መልሶ ሳጥኑን ዘጋ።

«ጋሼ፣ ደግመን አንቆጥረውም?» አለ ቆጣሪው፣ ልማድ ሆኖበት።

«ቆጥሬዋለሁ። አንዴ ይበቃኛል።»

ሳጥኑን አንጠልጥሎ ወጣ። ቆጣሪው በሩ ላይ ቆሞ አየው። ሰውየው ግቢውን አቋረጠ፣ መታጠፊያው ጋ ደረሰ፣ ታጠፈ። ልየው ብሎ አልተመለሰም።