ኮዴን በራሴ አፍ ያስረዳሁበት ቀን

ጌታ ይባረክ ቅዱሳን! ኧረ ጮክ በሉ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ አፋችሁን ያዘው እንዴ? ጌታ ይባረክ! ዛሬ እሱ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው የቆምኩት። ስሜን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ ምክንያት አለኝ። ስናገር ቃል ከያዘኝ ደግሞ ማንም እንዳያግዘኝ። ጠብቁኝ፣ እጨርሳለሁ።

የመዘዞ ልጅ ነኝ። አፍ ከፈታሁ ጀምሮ እንተባተባለሁ። ቤታችን ደግሞ ሰዉ ሁሉ ደግ ነው፤ ደግነቱ ነው የጎዳኝ! «ው… ው…» ካልኩ ውሃ ይመጣል። «እን…» ካልኩ እንጀራ ይቀርባል። እንቁላል ፈልጌ ቢሆንስ? ማን ይጠይቀኛል! ስሜን ስጠየቅማ ሁሌ የምትመልሰው እናቴ ናት። ጠበል ወሰደችኝ፣ ተሳለችልኝ፣ በመጨረሻ እዚህ ከተማ ሐኪም ዘንድ ይዛኝ መጣች። ሐኪሙ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ሲለኝ እማዬ ቀድማኝ «መናገር ያቅታታል» አለችው። ሳቀ። «ምላሷም ጉሮሮዋም ጤነኛ ነው። እናቴ፣ ቃሏን አይንጠቋት፤ ጠብቀው ያስጨርሷት» አላት። እማዬ «እሺ» አለች። ከበሩ ሳንወጣ ነርሷ ስሜን ጠየቀችኝ። ማን መለሰ? እማዬ!

ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ደረሰኝ። ደስ አለኝ፤ ኮምፒውተር እንደሆነ አፍ አይፈልግም ብዬ። ከዚያ ኦብጀክት ኦሬንትድ ፕሮግራሚንግ የሚባል፣ ፕሮግራምን የየራሳቸውን ሥራ በሚያውቁ ክፍሎች ከፋፍሎ መሥራት የሚያስተምር ኮርስ መጣ። ኮድ ስጽፍ፣ ጌታ ምስክሬ ነው፣ እጄ አይታማም። መምህራችን ግን «ኮድ ጓደኛም ይጽፍልሃል። ቆሞ ያላስረዳ ማርክ የለውም» አለ። ቆምኩ። «ክ… ክ…» ስል የቡድኔ ልጅ የረዳኝ መስሎት ሁሉንም ተናገረው። እሱ አለፈ፣ እኔ ኤፍ። ኮርሱን እንድደግም ተፈቀደልኝ፤ ደግሜ ከወደቅሁ ግን ትምህርቱ አበቃ፣ ቀጥታ ወደ መዘዞ። ወገኖች፣ ሻንጣዬን ማየት ያስጠላኝ ነበር።

የዶርሜ ልጅ ሰናይት «ነይ፣ ይጸለይልሽ» ብላ ወደዚች ቤት አመጣችኝ። በር ላይ እኚህ እትዬ አልማዝ፣ ያው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ «ስምሽ ማነው የኔ ልጅ?» አሉኝ። ሰናይት ልትመልስ ስትል ክንዷን ያዙና «አንቺን አልጠየቅሁም» አሏት። ከዚያ ጠበቁኝ። ሰው ይገባል፣ መዝሙር ተጀምሯል፣ ብርዱ አጥንት ይቆረጥማል፤ እሳቸው ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም። ስሜን ተናግሬ ጨረስኩ! እንባዬ መጣ። «ጌታ ቸኩሎ አያውቅም ልጄ። ቀስ ብለሽ ጥሪው፣ ይጠብቅሻል» አሉኝ። የዚያኑ ዕለት እዚሁ ተንበርክኬ፣ እሳቸውን ቃል በቃል እየተከተልኩ፣ ጌታን ተቀበልኩ። ሌላው ሰው «አሜን» ብሎ ሲነሳ እኔ ገና መሃሉ ላይ ነበርኩ። እትዬ አልማዝ አብረውኝ ተንበርክከው ቀሩ። ሃሌሉያ!

የማስረዳበት ቀን ደረሰ። የሠራሁት የመናኸሪያ ፕሮግራም ነው፤ ሚኒባስ አለ፣ ተራ አስከባሪ አለ። መምህሩ «ተራ አስከባሪው ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ ባዶውን ወንበር ራሱ ቢያይ ምን ነበረበት? ለምን ዘጋሽበት?» አለኝ። በልቤ «ጌታ ሆይ፣ አብረኸኝ ቁም» አልኩ።

«ሚኒባሱ የራሱን ወንበር ራሱ ያውቃል» አልኩ። «ሌላው ገብቶ ከነካካው ይበላሻል። ስለዚህ ይጠይቀዋል፤ ከዚያ መልሱን ይ… ይ…»

ፊት የተቀመጠ ልጅ «ይወስዳል» ብሎ ሊጨርስልኝ!

«ቆ… ቆይ! የኔ ነው!» አልኩት። መምህሩ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጠበቀኝ።

«መልሱን ይጠብቃል!» አልኩ። ወገኖች፣ እየተናገርኩ ነው የገባኝ፤ ለካ ስለ ራሴ ነው የማስረዳው! መምህሩ ፈገግ ብሎ «ኮዱን የጻፈችው እሷ ናት» አለ። ኤ ነው ያመጣሁት፣ ኤ! እልል በሉልኝ እንጂ! ኩራት ነው ካላችሁ አዎ ኩራት ነው፤ በጌታዬ እኮራለሁ። ዛሬ ያንኑ ኮርስ ለታናናሾቼ ላብራቶሪ ውስጥ የማስረዳው እኔ ነኝ። ክብር ለስሙ ይሁን!

«መንተባተቡ ለቀቀሽ ወይ?» የሚለኝ አለ። ይኸው እየሰማችሁኝ፣ አንዳንዴ ይይዘኛል። ፍርሃቱን ግን ጌታ ነቅሎ ጥሎልኛል፤ ሰው ፊት ለመቆም አሁን ማንም አይቀድመኝም።

እማዬ ዛሬ ከመዘዞ መጥታለች፣ ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላ ተቀምጣለች። «ሃይማኖቴን ልለውጥ መስሎሽ እንዳትደሰቺ፤ ልጄ ስትናገር ልስማ ብዬ ነው» ብላኛለች። እሺ እማዬ! አንቺ መጥተሽ ስትሰሚኝ ለኔ ትልቅ ክብር ነው።

እዚህ መሃል «እኔ ብጸልይ ማን ይሰማኛል፣ ቃሉ ይጠፋብኛል» የምትሉ ካላችሁ፣ በእሱ ታመኑ። የተቆራረጠም ቢሆን በራሳችሁ አፍ ጥሩት። እስክትጨርሱ ድረስ አለ።

አሁን ስሜን ልንገራችሁ። እማዬ! አፍሽ ሲንቀሳቀስ አየሁት፣ ቆይ! ሰናይት፣ አንቺም። ስሜ ብ… ብ…

እየጠበቃችሁኝ ነው አይደል? ተባረኩ።

ብርቱካን! ስሜ ብርቱካን ነው።