ሳላስጨርሳቸው ያለፉት እትዬ አስካለ

በቦሌ ሚካኤል አቤቱታና ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩት እትዬ አስካለ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። መታመማቸውን ሳልሰማ ሞታቸውን ሰማሁ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። በቀብራቸው ላይ በተነበበው የሕይወት ታሪክ «በወጣትነታቸው በፍርድ ቤት በታይፒስትነት አገልግለዋል» የሚል አንድ መስመር ነበር። እሳቸው ገጽ የጎደለው መዝገብ አይወዱም ነበርና የጎደለውን እኔ ተማሪያቸው ልጻፈው።

ሙያውን ያስተማሩኝ በዚያች ጠባብ ሱቃቸው ነው። አንድ ቀን፣ ከገጠር መጥተው ላምበረት መናኸሪያ የወረዱ አንድ ሽማግሌ ስለ አንዲት ክንድ ድንበር ሊያመለክቱ ገቡ። ነገሩን ከአያታቸው ዘመን ሲጀምሩት ጊዜ፣ እኔ «አባባ፣ ገብቶኛል» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። እትዬ እጄን ያዙት።

«ምኑ ነው የገባሽ? ገና መች ነገሩሽ!»

ሽማግሌው አፍረው «ነገሩስ ትንሽ ነው» አሉ።

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች ይባል የለ? ይንገሩኝ አባቴ፣ ጊዜ አለን» አሏቸው። ውሃ ቀድተው ሰጥተው እስከ ምሳ ሰዓት አዳመጧቸው። ሰው ነገሩን ሳይጨርስ መጻፍ በእሳቸው ቤት ነውር ነበር። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የእርጅና ጠባይ ይመስለኝ ነበር።

ምክንያቱን አምና ነገሩኝ። መብራት ጠፍቶ እጃችንን አጣጥፈን ተቀምጠን ሳለ ድንገት አባቴን አነሱ። አባቴ መምህር ነበር፤ እኔ ጡት ሳልጥል፣ በአብዮቱ ዘመን፣ አንድ ልዩ ችሎት ሞት ፈርዶበታል።

«ፍርዱን በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ችሎቱ ከመሰየሙ አንድ ቀን በፊት። ማንም ቃሉን ሳይሰጥ ‹የምስክሮችን ቃል ሰምተን፣ የተከሳሹን መከላከያ መርምረን› ብዬ ጻፍኩ። ልጅ ነበርኩ፣ ፈራሁ። አንቺንም ገና ስትመጪ በአባትሽ ስም ነው ያወቅሁሽ። በማግስቱ አባትሽ ሊናገሩ ተነሱና...»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። «የኔ ልጅ፣ አልጨረስኩም እኮ!» ሲሉ በር ላይ ሆኜ ሰምቻቸዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጎረቤት ላኩብኝ። «ከበዓሉ በኋላ እመጣለሁ በሏቸው» አልኩ። በዓሉም አለፈ። ንዴቴ ሲበርድ ኩራቴ ያዘኝ። ሳይሰሙ ፈረዱ እያልኩ ዳኞቹን ስረግም የኖርኩ ሰው፣ እሳቸውን ሳልሰማ ፈረድኩባቸው። በችሎቱ መዝገብ ውስጥ የአባቴ ቃል የተባለው ቀድሞ የተጻፈው ነው። በእውነት የተናገረውን የሰማ፣ በሕይወት የማውቀው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እትዬ፣ ዕድሜ ልክዎን የተሸከሙትን ሊያወርዱ ሲሉ ጥዬዎት ሄድኩ። ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ፈሩ እንጂ ክፉ አልነበሩም፤ ይህን በቁምዎ ሳሉ ልነግርዎ ይገባ ነበር። ከቀብርዎ መልስ ሱቅዎ ገብቼ ከወንበርዎ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። እንዳስተማሩኝ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ነፍስዎን በገነት ያኑርልን። እትዬ፣ አባቴ ተነሳና ምን አለ?