ጉድለት የሌለበት ተጎታች

የዛሬ ወር፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ታናሽ ወንድሜ ክፍሎም ካዛንቺስ ቤቴ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ተጎታቹ አልቋል። ለርክክቡ ምስክር ሁነኝ» አለኝ።

ክፍሎም ሃያ ዓመት የሌላ ሰው የአስጎብኚ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ዘንድሮ የራሱን ሥራ ለመጀመር ቆርጦ ተነሥቷል። ያሠራው ከመኪና ኋላ የሚጎተት ትንሽ ቤት ነው፤ ሁለት አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና መታጠቢያ አለው። የመጀመሪያ እንግዶቹ፣ አንድ ባልና ሚስት፣ በቀጣዩ ሐሙስ ወደ ባሌ ሊሄዱበት ቀጠሮ ይዘዋል።

የሠሩለት ቄራ ጋራዥ ያላቸው ጋሽ ወልዴ ናቸው። አበልጁ ናቸው፤ ትልቁን ልጁን ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው።

መኪና ውስጥ «ደህና አድርገን እንፈትሸዋለን» አልኩት።

«የአበልጅ ዕቃ ይፈተሻል እንዴ? ይቀየሙኛል።»

«ታዲያ እኔን ምን ልታደርግ ወሰድከኝ?»

«በቃ... እንድትፈርም ነዋ።»

ጋሽ ወልዴ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ስንጨባበጥ እጃቸው እጄን አልፎ ክርኔን ያዘ። «ጋዜጠኛ የሚያዘው ከክርኑ ነው፤ እንዳይጽፍብኝ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ተጎታቹ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቀረብ ስል ግን የቀኙ ጎን ነጭ፣ የግራው ወደ ክሬም የሚያደላ ነው። በሩ ሲዘጋ ከላይ በኩል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዋል። ከመስኮቱ ብሎኖች ሁለቱ ቀዳዳቸውን ስተው ቆርቆሮውን ብቻ በስተውታል።

አጎንብሼ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበትን ብረት አየሁ። ብየዳው መጋጠሚያው ላይ አላረፈም፤ ከጎኑ ነው የሄደው። መጋጠሚያውን የሸፈነው ቀለም ብቻ ነበር። በቁልፌ ጫፍ ጫር ሳደርገው ቀለሙ ተነሣ፤ ሁለቱ ብረቶች ተለያይተው ታዩኝ። ይኼ ነገር ቁልቁለት ላይ ቢለቅ ምን እንደሚሆን ለመገመት መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

«ቀለሙ እንዴት ነው?» አሉ ጋሽ ወልዴ ከኋላዬ። መዳፋቸውን ነጩና ክሬሙ በሚገናኙበት ጥግ ላይ ያሳልፋሉ። «አንድ ዓይነት እንዲሆን ብዬ ሦስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ።»

ያኔ ገባኝ። ዓይናቸው አያይም።

ክፍሎምን ወደ ጎን ሳብኩት። «ሰውዬው እኮ አያዩም።»

«አውቃለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ብሶባቸዋል። ለማንም አልተናገሩም። እኔ አበልጃቸው ካላሠራሁ ማን ያሠራቸዋል?»

«ሐሙስስ?»

«እንግዶቹን እሰርዛለሁ። ሌላ ቦታ ወስጄ እንደ አዲስ አስበይደዋለሁ። አንተ ብቻ ዝም በልልኝ፣ ጋሼ።»

ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ነበር። «ተጎታቹን አይቼ፣ ምንም ጉድለት እንደሌለበት አረጋግጬ ተረክቤያለሁ» ይላል። ክፍሎም ፈረመና እስክሪብቶውን ሰጠኝ። በጋዜጣ ሥራ ሠላሳ ዓመት ስቆይ ያየሁትን አላየሁም ብዬ ጽፌ አላውቅም... ፈረምኩ። ከሥሩም ስሜንና ስልኬን ጻፍኩ።

ጋሽ ወልዴ ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ሽማግሌው አበቃለት የሚሉ አሉ» አሉ። «ይኸው፣ በጋዜጠኛ አስመስክሬያለሁ።»

ክፍሎም እንግዶቹን ሰረዘ፤ እነሱም ሌላ አስጎብኚ ይዘው ሄዱ። ተጎታቹ መስቀል ፍላወር አካባቢ ሌላ ጋራዥ ውስጥ ተፈታትቶ ቆመ።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ የማላውቀው ሰው ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጋሽ ወልዴ አንድ ወረቀት አሳይተውኝ ቁጥርዎን ከዚያ ላይ ነው ያገኘሁት። ተማሪ የማመላልስበት ሚኒባስ አለኝ፤ ወንበሮቹን ላስበይድ ነበር። ማለቴ... እውነት አይተውት ነው የፈረሙት?»

ሰውዬው «ሃሎ?» አለ።

«ወንበሮቹን እዚያ አታስበይድ» አልኩት።

«ለምን?»

«ዓይናቸው አያይም።»

አመስግኖኝ ዘጋ። ሁሉ ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

በማግስቱ ክፍሎም መጣ። አልተቀመጠም።

«ሰውዬው ሄዶ ጋራዡ በር ላይ ጮኸባቸው፤ ሠራተኞቻቸው ፊት፣ ጎረቤት ፊት። ‹ዓይንዎ ሳያይ የሰው ልጅ ሊያስጨርሱ ነው› አላቸው። ‹ማነው የነገረህ?› ሲሉት ያንተን ስም ጠራላቸው።»

«ምን አሉ?»

«እየዳበሱ ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉ። ዛሬም አልከፈቱም።»

ሊወጣ ሲል «ስትፈርም ዝም ብለህ፣ ለባዕድ ትናገራለህ?» አለኝ።

ተማሪዎቹ ደህና ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ በዚያ አልጸጸትም። የምጸጸተው፣ ያን ቅዳሜ ጋሽ ወልዴን ብቻቸውን ይዤ ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ... መንገድ ላይ ቆመው አይሰሙትም ነበር።